ከምዕራፍ 12 ማለፍ አቃተኝ

ባለፈው እትም የጥቁር አሜሪካዊቷን ደራሲ የማያ አንጀሉን የልጅነት ትዝታ፣ «የታሰረች ወፍ ለምን እንደምትዘምር አውቃለሁ» የተባለውን መጽሐፍ፣ በሁለት አንቀጽ አንስቼ ነበር። ሁለት አንቀጽ ብቻ። ደብዳቤው ግን ጎረፈ። ከመጡት ውስጥ ዛሬ ሁለቱን አወጣለሁ። የመጀመሪያውን ሳነብ የያዝኩት ሻይ በረደብኝ።

ይድረስ ለቲቸር

ጤና ይስጥልኝ። እኔን አላስተማሩኝም። አንባቢው ሁሉ ቲቸር ስለሚልዎት ግን እኔም እንደዚያው ልበልዎት። ዕድሜዬ 31 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጻፉትን አንብቤ መጽሐፉን ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩት። እንግሊዝኛው አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው።

የተወለድኩት ጎጃም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ የአባቴ እህት «ላስተምራት» ብላ አዲስ አበባ አመጣችኝ። እናቴ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። ትምህርቱ የማታ ሆነ። ቀን ቀን ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። የአክስቴ ልጆች በሰርቪስ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሩን ከፍቼ የምሸኛቸው እኔ ነኝ። ምጣዱ ስለማይደርስልኝ ዱካ ላይ ቆሜ ነበር የምጋግረው። ሳጠፋ አክስቴ በበርበሬ ታጥነኛለች። እስከ ዛሬ ጎረቤት በርበሬ ሲያምሱ ከግቢ ወጥቼ እቆማለሁ።

በማያ የደረሰው ዓይነት ነገር በኔ አልደረሰም። ይህን በግልጽ ልንገርዎት። ታዲያ የሷ ታሪክ ለምን እንዲህ ያደርገኛል? ምዕራፍ 12ን ያነበብኩት ከመገናኛ ወደ ሰሚት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። እንባዬ አላቆም አለ። ረዳቱ «እህቴ፣ ሰላም ነው?» አለኝ። ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አልገለጥኩትም። ሦስት ሳምንት ሆነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ይዤው እወጣለሁ፣ ይዤው እገባለሁ።

ደግሞ የራሴን መጻፍ አማረኝ። ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ተይ ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው። እንጀራዋን በልተሽ ስሟን አታጥፊ» አለችኝ። አክስቴ በሕይወት አለች። ስኳር ይዟታል። መድኃኒቷን በየወሩ የምገዛው እኔ ነኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። መጽሐፉን ልጨርሰው ወይስ ልመልሰው? የኔ ዓይነቱስ ታሪክ ይጻፋል? ውለታ ቢስ አልሆንም ወይ?

የሰሚቷ አንባቢዎ

ልጄ፣

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት ጊዜ እዚያው ምዕራፍ ላይ ቆሜ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ፣ ደጅ ወጥቼ ልብስ አጠብኩ። ስለዚህ ደካማ ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ። የቆምሽበት ቦታ ግን ክፉ ቦታ ነው። መጽሐፉ 36 ምዕራፍ አለው፤ አንቺ ከሁሉም የጨለመው ላይ ደርሰሽ ቆምሽ። ያንን ጨለማ ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ ሦስት ሳምንት ተሸከምሽው። ሦስት ምዕራፍ አልፎ አንዲት ሴት ብስኩት ጋግራ ትጠብቅሻለች። እሷ ጋ ሳትደርሺ መጽሐፉን እንዳትመልሺ።

ላላነበቡት ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ማያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1928 በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። ማርገሪት ጆንሰን ነበር ስሟ። ወላጆቿ ሲለያዩ እሷ ሦስት ዓመቷ፣ ወንድሟ ቤይሊ አራት ዓመቱ ነበር። ሁለቱን ብቻቸውን ባቡር ላይ አሳፈሯቸው። ማንነታቸውና የሚሄዱበት ቦታ የተጻፈበት ወረቀት እጃቸው ላይ ታስሮ ነበር፣ እንደ ዕቃ። (የእናትሽን ቆሎ ሳነብ ያ ወረቀት ነው ትዝ ያለኝ።) አርካንሳስ ውስጥ ስታምፕስ የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሱቅ ያላት አያታቸው ተቀበለቻቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እናታቸው ተመለሱ። እዚያ የእናቷ ወዳጅ የነበረው ሰው ደፈራት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰውየው ፍርድ ቤት ቀረበ። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበት፣ በዚያው ዕለት ተለቀቀ። ወዲያው ሞቶ ተገኘ። ሕፃኗ «እኔ ስለተናገርኩ ሞተ» ብላ አመነች። ድምፄ ሰው ይገድላል አለች። ከወንድሟ በቀር ከማንም ጋር መነጋገር አቆመች። ወደ አምስት ዓመት ገደማ።

አሁን ወደ 15ኛው ምዕራፍ ልውሰድሽ።

ልጆቹ ወደ ስታምፕስ ተመልሰዋል። ማያ ዝም እንዳለች ናት። በከተማዋ ሚስስ ፍላወርስ የሚሏት የተከበረች ጥቁር ወይዘሮ አለች። አንድ ቀን ሱቅ መጥታ ዕቃ ገዛችና ማያን ዕቃውን ይዛ ቤቷ እንድትከተላት ጠየቀች። መንገድ ላይ «ለምን አትናገሪም?» አላለቻትም። ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም አለቻት። ቃል ግን ወረቀት ላይ ከተጻፈው በላይ ነው፣ ሙሉ የሚሆነው የሰው ድምፅ ሲገባበት ነው አለቻት። ቤት ሲደርሱ ብስኩት ቀረበ። ስስ፣ ክብ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሃሉ የቅቤ ቢጫ። ከቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ጋር። ሚስስ ፍላወርስ «ላንቺ ብዬ ነው የጋገርኩት» አለቻት። ለወንድሟም የምትወስደው አስቀምጣላታለች። ከዚያ የዲክንስን «የሁለት ከተሞች ወግ» አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችላት። ማያ ያንን መጽሐፍ ታውቀዋለች፣ አንብባዋለች። ግን እንዲህ ዘፈን ሆኖ ሰምታው አታውቅም። ስትሄድ መጽሐፍ አዋሰቻት። ግዴታው አንድ ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በተለያየ ድምፅ ሞክሪው። ለሚቀጥለው ደግሞ አንድ ግጥም በቃልሽ ይዘሽ ነይ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሐኪም የለም፣ ተአምር የለም። ብስኩት፣ ሎሚ፣ ጮክ ያለ ንባብ።

ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሁሌ የሚይዘኝ «ላንቺ ብዬ» የሚለው ነው። አንቺ በስምንት ዓመትሽ ዱካ ላይ ቆመሽ ለቤቱ ሁሉ ጋገርሽ። ላንቺ ብሎ የጋገረ ሰው ነበር? ታክሲ ውስጥ ያለቀስሽው ለማያ ብቻ አይመስለኝም።

«በማያ የደረሰው ዓይነት በኔ አልደረሰም» ያልሽው እውነት ነው። ያንን ለይተሽ መናገርሽም ያስከብርሻል። ግን ስቃይ በኪሎ አይመዘንም። እናቱ የሞተችበት አጠገብሽ ስላለቀሰ ያንቺ የተቃጠለ እጅ መለብለቡን አይተውም። ደግሞ አንቺ ውስጥ ያለውን የነካው የደረሰባት ነገር ዓይነት ላይሆን ይችላል። ሁለታችሁም ልጅ ነበራችሁ። ሁለታችሁም ያለ እናት ጉዞ ተሳፈራችሁ። ሁለታችሁም ዝም አላችሁ። እሷ አምስት ዓመት። አንቺ 23።

ስለ ንባቡ እንዲህ አድርጊ። ታክሲ ውስጥ አታንብቢው። ማታ ከመተኛትሽ በፊትም አታንብቢው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ብርሃን ባለበት ተቀመጪ። 13ንና 14ን ዝለያቸው። ነውር የለውም፣ መጽሐፍ ፈተና አይደለም። 15ን አንብቢ። ጮክ ብለሽ። ለብቻሽ ከሆንሽ በሩን ዝጊና ጮክ በይ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የዘለልሻቸውን ማንበብ ትችያለሽ፤ የሚመጣውን ስላወቅሽ እንደ መጀመሪያው አይከብዱሽም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ።

በ1989 ዓ.ም. ደሴ አስተምር ነበር። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ቤተ መጻሕፍት ስለው ትልቅ እንዳይመስልሽ። አራት መደርደሪያ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስኮት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በምሳ ሰዓት ትመጣለች። ምሳ አትበላም። መስኮቱ ሥር ትቀመጥና ታነባለች። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ ሦስት ቦታ የተቃጠለ አለ። አንደኛው ገና እርጥብ ነው። «የእንጀራ እናቴ ናት» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እርሺው። ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ።»

ደግ ቃል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እጅጌዋን ወደ ታች መለሰችው። «እሺ ቲቸር» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አይቻት አላውቅም። ክፍል ትመጣለች፣ ወደኔ ግን አትመለከትም። በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀች። ወዴት እንደሄደች የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ። ዛሬ ድረስ ሹራብ የሰበሰበ ልጅ ሳይ ያ ክንድ ይመጣብኛል። «እርሺው» ማለት «አትንገሪኝ» ማለት እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ የማያን 15ኛ ምዕራፍ ሳነብ ነው።

ስለዚህ «ሆድ ይፍጀው» ሲሉሽ የሚሉሽ ሰዎች ክፉ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። እናትሽ ያንቺን መከራ መስማት ትፈራለች ብዬ እገምታለሁ። ቆሎ ቋጥራ ያሳፈረችሽ እሷ ናት። አንቺ ስትናገሪ እሷ ራሷን ትጠይቃለች። ስለዚህ መጀመሪያ ለእናትሽ አትንገሪ። የሚሰማ ሌላ ሰው ፈልጊ። «እርሺው» የማይል፣ «እኔም እኮ» ብሎ የራሱን የማይቀጥል፣ መክሮ ለመጨረስ የማይቸኩል። መጽሐፉን ያዋሰችሽ ባልደረባሽ ምን ዓይነት ሰው ናት? መጽሐፍ የሚያውስ ሰው ብዙ ጊዜ መስማትም ይችላል።

እንቅልፍ ካጣሽ፣ ነገሩ ቀን በሥራ ላይም እየመጣ ካስቸገረሽ ደግሞ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አነጋግሪ። «አማኑኤል» ሲባል ሰው ይሸሻል፣ አውቃለሁ። ስሙ በሰፈር ወሬ ተበላሽቷል። አማኑኤል ሆስፒታል ግን ተመላላሽ ታካሚም ያያል። በሌሎች ሆስፒታሎችም ባለሙያዎች አሉ። አክስትሽ ለስኳሯ ሐኪም ዘንድ ትሄድ የለም? አንቺም ለራስሽ መሄድ ትችያለሽ።

ስለ መጻፉ ልምጣ። አዎ፣ ይጻፋል። ግን ለማን እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ። መጀመሪያ ለራስሽ ነው። ደብተር ግዢ። ፌስቡክ ላይ አይደለም፣ ቲክቶክ ላይ አይደለም። በንዴት አንድ ማታ የለጠፍሽውን ጠዋት መመለስ አይቻልም፤ የአክስትሽ ልጆችም ያነቡታል። ማያ መጽሐፏን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ41 ዓመቷ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው ግን 16 ዓመቷ ላይ፣ ልጇን ስትወልድ ነው። መካከሉን ቁጠሪው። አንቺ ገና 31 ነሽ፣ ማንም አያስቸኩልሽም።

ስትጽፍ የሆቴል ክፍል ተከራይታ በጠዋት ትገባ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ሁሉ ታስነሳለች። መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፍ ቅዱስና ቢጫ ወረቀት ይዛ ቁጭ ትላለች። የራሷ ቤት አልነበራትም ማለት አይደለም። ይህን ነገር ከምትኖርበት ቤት ውጭ ማድረግ ስለፈለገች ይመስለኛል። አንቺ ሆቴል አትከራዪ፣ ብር አታባክኚ። ቤተ መጻሕፍት ሂጂ፤ ወመዘክር ሂጂ፣ አብርሆት ሂጂ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ደብተሩን ዘግተሽ፣ ማኪያቶ ጠጥተሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። ያ ነገር መኝታ ቤትሽ ድረስ አይከተልሽ።

ምን ልጻፍ ካልሽ፣ በበርበሬው አትጀምሪ። ይኸውልሽ፣ ይህን ነገር ከመጽሐፉ ልብ በይ። የጥቃቱ ታሪክ ስንት ገጽ ነው? ጥቂት ነው። የቀረው ምንድን ነው? ሱቁ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ በፋኖስ ብርሃን የሚሰበሰቡት ጥጥ ለቃሚዎች ናቸው። በተሰበረ ተስፋ ማታ የሚመለሱት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ቤይሊ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ አናናስ ነው። ዓመት ሙሉ መደርደሪያው ላይ ያዩታል፣ የሚቀምሱት ግን ለገና ብቻ ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ ለብቻዋ የምትገዛበትን ቀን ታልም ነበር ያቺ ልጅ። ከደረሰባት ሁሉ መካከል አናናሱን አልረሳችውም። ጽሑፉን ጽሑፍ ያደረገው እሱ ነው።

አንቺም አናናስ አለሽ። ያ ቆሎ የተቋጠረበት ፌስታል ምን ሆነ? ቆሎውን ስንት ቀን አቆየሽው? የማታ ትምህርት ስትሄጂ መንገድ ላይ ምን ይሸት ነበር? አጠገብሽ ማን ይቀመጥ ነበር? ዱካው ስንት እግር ነበረው? ከዚያ ጀምሪ። በርበሬው ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ብቻውን አይሆንም።

እስክሪብቶ ከከበደሽ ተናገሪው። ስልክሽ ድምፅ ይቀዳል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ በቴፕ ቀድተው ነው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ያሳተሙት። ስታነቢው አዛውንቱ ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው የሚያወጉሽ ይመስልሻል። በአፍ የተነገረ ስለሆነ ነው።

አሁን አክስትሽ። በዚህ ነገር ላይ ቃል መምረጥ ያስቸግራል፣ ግን እንደ ልጄ ስለሆንሽ በግልጽ እልሻለሁ። «እንጀራዋን በልተሽ» አሉሽ። በልተሻል። ያንን እንጀራ ግን የጋገርሽው አንቺ ነሽ። ውለታ አለብኝ ካልሽ መድኃኒቷን በየወሩ እየከፈልሽ ነው፣ ማንም አላስገደደሽም። እሱ ያንቺ ደግነት ነው። ያንን ስላደረግሽ ግን የሆነው አልሆነም ማለት አይጠበቅብሽም።

ማያ አያቷን ትወዳት ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይታያል። ሆኖም በዚያው የብስኩት ቀን፣ ከሚስስ ፍላወርስ ቤት በደስታ ስትመለስ፣ አያቷ ገረፈቻት። ልጅቷ ሳታውቅ ባወጣችው አንድ ቃል፤ አያቷ አምላክን የሚዳፈር ቃል ነው አለች። ይህንንም ጽፋዋለች። አያቴን ያስወቅሳል ብላ አልደበቀችውም፤ ተገረፍኩ ብላም አያቷን ጭራቅ አላደረገቻትም። አንቺም አክስትሽን እንደዚያ መጻፍ ትችያለሽ። በርበሬውን፣ ስኳሩንም። ስሟን ቀይሪ፣ ሰፈሩን ቀይሪ። ይውጣ አይውጣ የሚለውን ዛሬ አትወስኚ።

15ኛውን ምዕራፍ ስትጨርሺ ጻፊልኝ። ምክር ፈልገሽ አይደለም። ጮክ ብለሽ ማንበብሽን ብቻ ንገሪኝ።

ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። መጽሐፉን ከዓመታት በፊት ኮሌጅ ስማር አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ሰው በስምንት ዓመቱ የሰማውን ንግግር ከ30 ዓመት በኋላ ቃል በቃል እንዴት ያስታውሳል? ይህ ትዝታ ነው ወይስ ልቦለድ? እውነት ነው ብለን ካለቀስን በኋላ ፈጠራ ቢሆን አልተታለልንም?

ወንድሜ፣

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴን በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት፤ እግረ መንገዱን እኛንም ይነካል።

19ኛው ምዕራፍ ላይ የቦክስ ግጥሚያ አለ። የስታምፕስ ጥቁሮች አያቷ ሱቅ ውስጥ ታጭቀው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጥቁሩ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር እየተጋጠመ ነው። ሉዊስ ገመዱ ላይ ሲደገፍ ሱቁ በሙሉ ያቃስታል። በመጨረሻ ያሸንፋል። አስተዋዋቂው «አሁንም የዓለም ሻምፒዮን» ብሎ ይጮኻል።

ታሪኩን ሲያዩት ግን ግጥሚያው የተካሄደው ሰኔ 25 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ነው። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር አሸነፈ። የዚያን ቀን ግን ሻምፒዮን አልነበረም። ሻምፒዮን የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ጂም ብራዶክን ሲያሸንፍ ነው። ስለዚህ ምዕራፉ እንደ ጋዜጣ ዘገባ ትክክል አይደለም።

ውሸት ነው እንበል? እኔ አልልም። በኔ ግምት ሱቁ ውስጥ ብዙ የሉዊስ ሌሊቶች ነበሩ፤ በልጅቷ ትዝታ አንድ ሌሊት ሆነዋል። እርስዎስ የልጅነትዎን ጥምቀት ሲያስታውሱ የስንቱን ዓመት ጥምቀት ነው አንድ ላይ የሚያስታውሱት? ያልነበረ ሱቅ፣ ያልነበረ ሰው፣ ያልደረሰ ጥቃት ፈጥሮ «ሆነብኝ» ማለት ሌላ ነው። እሱ ማታለል ነው፤ እንደዚያ ያደረገ ጸሐፊ ሲጋለጥ ደስ ይለኛል። የንግግሩን ቃል አስተካክሎ መጻፍ ግን ሁላችንም የአባታችንን ጨዋታ ለልጆቻችን ስናወራ የምናደርገው ነው።

ያ ግጥሚያ የኛም ነው ያልኩት ለዚህ ነው። በዚያ ሰኔ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደኛ እያዘጋጀ ነበር። በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ጋዜጣ ላይ የኢትዮጵያን ነገር በየቀኑ ይከታተላሉ። ሉዊስ ያንን ግዙፍ ጣሊያናዊ ሲጥለው ብዙዎቹ ያዩት ከቦክስ በላይ አድርገው ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ገባ።

የምዕራፉን መጨረሻ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ደስታው ሞቅ ብሎ፣ ለስላሳው ተጠጥቶ፣ ከረሜላው ተበልቶ ሲያልቅ፣ ከከተማው ራቅ ብለው የሚኖሩት ሰዎች ወደ ቤታቸው አልሄዱም። እዚያው ዘመድ ቤት አደሩ። ጆ ሉዊስ ባሸነፈበት ሌሊት አንድ ጥቁር ቤተሰብ ጭር ባለ የገጠር መንገድ ላይ መገኘት አልነበረበትም።